የሶሬሳ ፍሬንና የእናቱ ፈተና

ስለ ሶሬሳ ለመጻፍ ከእኔ የሚሻሉ ሰዎች ሞልተዋል። አብረውት ኩንታል የተሸከሙ አሉ፣ ሞተሩን ፈትቶ የገጠመለት ሙስአብ አለ፣ እናቱም አሉ። እኔ የማውቀው ከሱቄ መስኮት የሚታየውን ያህል ነው። ሱቄ ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ዳር ያለች፣ አንድ ሰው ሲገባ ሁለተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል ናት። የጎማ ማኅተም እቀርጻለሁ። ሥራው አንገት ያስደፋል። ቀና ባልኩ ቁጥር ግን ሶሬሳ ሲያልፍ አያለሁ፤ ቀና ሳልልም እሰማዋለሁ። እንግዲህ ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ልሞክር።

ሶሬሳ ከጊንጪ ወዲያ ካለ ገጠር መርካቶ የመጣው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተሸካሚ ሆኖ ሠራ። የመርካቶን ተሸካሚ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሕጉን ግን ሁሉም አያውቀው ይሆናል። ኩንታል በጀርባው የጫነ ሰው አይቆምም። ከቆመ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ እንደገና ለመንቀሳቀስ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሳይቆም ይጮኻል። «ዞር በሉ» ይላል፣ ይሄዳል፤ የቀረው የመንገደኛው ሥራ ነው። ባለሱቁም፣ ገዢውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም ይህን ያውቃል፤ ማንም አይከራከርም። ሶሬሳ ከሁሉም በላይ ድምፅ ነበረው። እታች በርበሬ በረንዳ ሆኖ «ዞር በሉ» ሲል እኔ እዚህ ወንበሬን ከበሩ አስጠጋ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሞተር ገዛ። ቀይ፣ ትንሽ፣ ስፖርት የሚሏት ዓይነት። ከፊት ጎንበስ ከኋላ ቀና ያለች፣ ውሃ ልትጠጣ ያጎነበሰች ዶሮ የምትመስል። ጀርባውን አሳረፈና ቀለል ቀለል ያለ ዕቃ ማመላለስ ጀመረ፤ ቁልፍና ዚፕ ለልብስ ሰፊዎች፣ የተፈጨ በርበሬ ለምግብ ቤቶች። ሞተሯን ምን ያህል እንደሚወዳት መናገር አልችልም፤ ማታ ማታ ሲያብሳት አይቼው ዓይኔን የመለስኩበት ጊዜ አለ።

ችግሩ፣ ሶሬሳ ሞተሯ ላይ ሲወጣ ከተሸካሚነቱ አልወረደም። ሰው ከፊቱ ሲገባ ፍሬን አይዝም፤ «ዞር በሉ» ይላል። ሰውም ለምዶታልና ዞር ይላል።

አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ «ሶሬሳ፣ ይቺ ሞተር ጥሩምባ የላትም እንዴ?» አልኩት።

«አላት ጋሼ። ግን ጥሩምባ ማን ይሰማል? የሁሉም አንድ ነው። የእኔን ድምፅ ግን ያውቁታል።»

«ፍሬንስ?»

«ፍሬን አላት» አለ፤ አፍሮ ወደ መሬት እያየ። «ነበራት ቢሉ ይሻላል።»

እውነቱን ነው። የፊት ፍሬኗን እጀታ አስይዞኝ ነበር። ስፖንጅ የመጨበጥ ያህል ነው፤ እጅህ ሙሉ ለሙሉ ይዘጋል፣ ሞተሯ አልሰማችም።

ነሐሴ ላይ የፈራሁት ሆነ። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ሲያንሸራትት፣ ከፊቱ አንዲት የመርካቶን ሕግ የማታውቅ እንግዳ ሴት ቆመች። «ዞር በሉ» አላት። እሷ ዞር አላለችም፤ ዞራ አየችው። እሱ ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑ አልያዘለትም፤ መሪውን ጠምዝዞ የፕላስቲክ ሳፋ ክምር ውስጥ ገባ። ክርኑ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነም። የሳፋው ጩኸት ግን እስከ ተክለ ሃይማኖት ተሰማ ይባላል።

እዚያው አንድ የአገሩ ሰው ቆሞ ነበርና ወሬውን ይዞ ወደ ጊንጪ ሄደ። ወሬ በአውቶቡስ ሲሄድ ያድጋል መሰለኝ። ከመርካቶ ሲነሳ የተፋቀ ክርን የነበረው እናቱ ጆሮ ሲደርስ የተቆረጠ እግር ሆነ። በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ መጡ።

ሶሬሳ አዮ ይላቸዋል፤ እኛ ግን ለአክብሮት አዴ ጫልቱ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዱላ የያዙ ሴት ናቸው፤ ዱላውን ግን ሲደገፉበት አላየሁም፣ ሲጠቁሙበት ነው የማየው። ከሱቄ ፊት ሶሬሳን ሲያገኙት መጀመሪያ እግሮቹን ቆጠሩ። ሁለት መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ በዱላው ቁርጭምጭሚቱን መታ አደረጉት።

«ይህን ሸጠህ ከእኔ ጋር ትገባለህ» አሉ ወደ ሞተሯ እየጠቆሙ። «የአባትህ መሬት እዚያው አለ። አይሮጥም፤ አቁሙልኝም አይልም።»

ሶሬሳ ለሌላ ሰው መልስ አያጣም። ከእናቱ ፊት ግን አንገቱን ደፋ። ማታ አማኑኤል አካባቢ በተከራያት ክፍል ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ግን መጥቶ ከሱቄ ደጃፍ ተቀመጠና ነገረኝ።

አዴ ጫልቱ በአገራቸው የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ ፈረስ በመምረጥና ጠብ በመዳኘት። ፈረስ ሊገዛ የመጣ ሰው እሳቸውን ይዞ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። እሳቸው ጥርሱን ያያሉ፣ ኮቴውን ያያሉ፣ በመጨረሻም ራሳቸው ወጥተው ያስሮጡትና አስቀድመው ምልክት ካደረጉበት ቦታ ላይ ያቆሙታል። ምልክቱን ካለፈ ያ ፈረስ አይገዛም፤ ምንም ያህል ቢያምር። ሶሬሳ ሲለምናቸው ካደረ በኋላ የፈረዱት ይህንኑ ነበር።

«ቅዳሜ ላዩ ላይ ወጥቼ እፈትነዋለሁ ብላኛለች» አለኝ። «እኔ ባልኩት ቦታ ከቆመ ምርቃቴ ይኑርህ፣ ካልቆመ ሸጠኸው ትመለሳለህ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ ጋሼ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«በዚህ ፍሬን?»

«በዚህማ አንሞክርም» አለና ተነስቶ ወደ ሙስአብ ሄደ።

የሙስአብ ጋራዥ ከእኔ ሱቅ ጋር በአንድ ላሜራ ግድግዳ ይገናኛል። ሙስአብ የስልጤ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሲሠራ የሚያወራ፣ ሲያወራ ደግሞ የማይሳሳት። ሶሬሳ ከወር በፊት መጥቶ የሚያስጮህ ጭስ ማውጫ እንዲያስገባለትና ጎኗ ላይ የነበልባል ስዕል እንዲለጥፍለት ጠይቆት ነበር። ሙስአብ ያንን አስታወሰው።

«የነበልባሉስ ነገር?»

«ይቅር። ፍሬኗን ቀይርልኝ።»

«አዩ ጋሽ ማሙሸት» አለኝ ሙስአብ በላሜራው ቀዳዳ። «ፍጥነት የትም ሱቅ ተሰቅሎ ይሸጣል። መቆም ግን እንደ ሱፍ በልክ ነው የሚሰፋው። ማንም መጥቶ ስፋልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ይኸው ዛሬ አንድ ሰው መጣ።»

አራት ቀን ነበራቸው። እኔ ቴክኒኩ ብዙም አልገባኝም፤ ሙስአብ የነገረኝን ልበል። ሞተሯ ከፋብሪካ የመጣችበት የፊት ዲስክ፣ ማለት ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ብረት፣ ትንሽ ነው። ከትልቅ ሞተር የተፈታ፣ ሰፋ ያለና ዙሪያውን የተበሳሳ ዲስክ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ዲስኩ ሲሰፋ፣ በሁለት በኩል ጨምድዶ የሚይዘው መያዣ ራቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ ለእሱ ምን አለሽ ተራ ያለ ባለ ቶርኖ ከወፍራም ብረት መደገፊያ ቆረጠላቸው። መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ ረዘመ፣ በሦስተኛው ልክ ሆነ። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት የጎማ ቱቦ አርጅቶ ሲጨበጥ ይነፋ ነበርና በሽቦ በተሸመነ ቱቦ ተተካ። በመጨረሻም ዲስኩን የሚነክሰው የፍሬን ሸራ ለስለስ ባለ፣ አዲስ ሸራ ተለወጠ።

«ለምንድነው የተበሳሳው?» አለ ሶሬሳ ዲስኩን እያየ።

«እንዲተነፍስ ነው። አንተ ስትጮህ ትተነፍሳለህ አይደል? እሱም ሥራ አለው።»

ዘይቱን ሲሞሉ ሁለቱ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጁ። ቱቦው ውስጥ ቅንጣት አየር ከቀረ እጀታው ተመልሶ ስፖንጅ ይሆናል አሉ። ሙስአብ ከታች ተንበርክኮ፣ «ጭመቅ... ያዝ... ልቀቅ» ይላል፤ ሶሬሳ ከላይ ይጨምቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል።

«አሁን ይህን ጣትህን ታየዋለህ?» አለው ሙስአብ። «ከዛሬ ጀምሮ አፍህ ይዘጋና እሱ ይናገር።»

«እንዴ፣ ጭራሽ አልጩህ?»

«ሰላምታ ስትሰጥ ጩህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው አለቀ። ሙስአብ ዲስኩን በአልኮል ጠርጎ እንደ መስታወት አድርጎት ነበር። እኔም ደፈር ብዬ ቀረብኩና ጣቴን ልዘረጋ ስል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይንኩት። የሰው ጣት ቅባት አለው። ይህች ብረት ከቅባት ጋር ጠላት ናት፤ ትንሽ ከነካት አትይዝም።»

ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር። ይህንን አስታውሱልኝ።

ከእኩለ ቀን ትንሽ ቀደም ብሎ አዴ ጫልቱ ደረሱ። ሞተሯን ሁለቴ ዞሯት። መቀመጫዋን መታ መታ አደረጉ፣ ጎማዋን በዱላ ነኩ፣ ፊቷን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጥርስ የለውም» አሉ። «ዕድሜውን በምን ታውቃላችሁ?»

«እዚህ ቁጥር አለ እማማ» አለ ሙስአብ። «የሄደበትን ኪሎ ሜትር ሁሉ ይቆጥራል።»

«ዋሽቶስ እንደሆነ?»

«ይዋሻል እንጂ። እዚህ ሰፈር የማይዋሽ ቁጥር አይተንም አናውቅ።»

ይህ መልስ ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሙስአብን እንደ ሰው ነው ያዩት። «የሚያቆመውስ የትኛው ነው?» አሉት።

ሙስአብ ቁጢጥ ብሎ ዲስኩን አሳያቸው። «ይህች ናት። ሌላው ሁሉ ጌጥ በሉት። የልጅዎ ሕይወት ያለችው እዚህች ብረት ላይ ነው።»

አዴ ጫልቱ ብረቷን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወዲያው አዛን ተሰማና ሙስአብ ለሶላት ወደ መስጊድ ሄደ። ሶሬሳ ደግሞ ለእናቱ የሚሆን ሄልሜት ከአንድ ጓደኛው ሊዋስ ተክለ ሃይማኖት ወረደ። አዴ ጫልቱና ሞተሯ ውጭ፣ እኔ መስኮቴ ላይ ቀረን። የአንድ ዕድር ማኅተም እየቀረጽኩ ነበር፤ በግልባጭ የሚጻፍ ፊደል ሐሳብ ይፈልጋል። ቀና ስል ግን ሴትዮዋ ቁጢጥ ብለዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፣ ከቋጠሮው የኮባ ቅጠል፣ ከኮባው ቅጠል የላሟን ጠረን ያልለቀቀ ለጋ ቅቤ አወጡ። በአውራ ጣታቸው እየቆረሱ፣ በኦሮምኛ እየመረቁ፣ ያችን ዲስክ ይቀቧት ጀመር።

በአገራቸው እንዲህ ነው። ሙሽራ ይቀባል፣ የወለደች ትቀባለች፣ አዲስ የተገዛ ፈረስ ግንባሩን ይቀባል። ቅቤ ምርቃት ነው። አሁን ደግሞ የልጃቸው ሕይወት የት እንዳለች ሙስአብ በጣት አሳይቷቸዋል። በአንድ በኩል ቀቡ፣ ዞረው በሌላው በኩል ቀቡ፤ ከቀዳዳዎቹ እንኳ አንድም አልረሱም።

ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ምርቃት ነው» አሉኝ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «ለሰው ካወራኸው ይረክሳል።»

«እሺ አዴ» አልኩ።

ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ ለምን እሺ አልኩ? ሙስአብ የነገረኝ ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ግን ደግሞ እኔ ማኅተም ቀራጭ ነኝ፤ ስለ ፍሬን ምን አውቄ? ምናልባት ቅቤ እንደ ጣት ቅባት አይቆጠር ይሆናል። ምናልባት ይደርቃል። የእናትን ምርቃትስ «ይጥረጉት» ብሎ የሚናገር ምን ዓይነት ሰው ነው? እንዲህ ስል ሁለቱም ተመለሱ።

ፀሐዩ ቅቤውን አቅልጦ ዲስኩ ላይ አሳስሶት ነበር። ሙስአብ ከሩቅ አይቶ፣ «እዩዋት እንዴት እንደምታበራ» አለ በኩራት። እጀታዋን ጨበጠ፤ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናት። ረካ።

አዴ ጫልቱ በሻሻቸው ላይ ሄልሜቱን ደፉ። «ቅል ውስጥ ገባሁ» አሉ ከውስጥ። ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ታጥቀው ነበርና፣ እኛ እንዴት እንደምናወጣቸው ስንጨነቅ እሳቸው የሶሬሳን ትከሻ ይዘው በአንዴ ተፈናጠጡ። ሞተሯ እንኳ አልተንገዳገደችም።

«ሶሬሳ» አልኩ።

«አቤት ጋሼ።»

አዴ ጫልቱ በሄልሜቱ መስታወት ውስጥ አዩኝ።

«በደህና ግባ» አልኩ።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ላብ አጠመቀዎት» አለ ሙስአብ።

«ሙቀቱ ነው።»

አዴ ጫልቱ በዱላቸው ቁልቁል ጠቆሙ። ስልሳ ሰባ እርምጃ ያህል ወርዶ አንዲት የሞባይል ካርድ ሻጭ ቢጫ ጃንጥላዋን ዘርግታለች። ከጃንጥላዋ ወዲያ ከአንድ አይሱዙ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ እየወረደ መንገዱን ሞልቶታል። «ቢጫው ጃንጥላ ጋ» አሉ። «ጎኑ ላይ። አልፎም አይደለም፣ ሳይደርስም አይደለም።»

ወረዱ። አካሄዱ ያምር ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ። ጃንጥላው ሲቃረብ የኋላ መብራቷ ቀይ በራ። ፍሬን ይዟል ማለት ነው። ሞተሯ ግን እንደምትሄደው ሄደች። ሶሬሳ ማርሽ ቀነሰ፣ የኋላውንም ፍሬን ረገጠ፣ እሱ ግን ብቻውን ሁለት ሰው በቁልቁለት አያቆምም፤ ሞተሯ አጉረመረመች እንጂ ጃንጥላውን በኩራት አለፈችው። በዚያች ቅጽበት መንገዱ ላይ የቀለጠ ቅቤ ሽታ ተነሳ።

«እዚህ ምግብ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አለ ከአጠገቤ አንድ መንገደኛ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ።

ያን ጊዜ ነው የተሰማው። «ዞር በሉ።» የአሥራ አንድ ዓመት የተሸካሚነት ድምፅ ነው፤ ኩንታል ተጭኖ የሚወጣ ድምፅ። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ፍራሽ የሚያወርዱት ተሸካሚዎች የሙያ ጓደኞቹ ናቸው፤ ለምን ብለው አልጠየቁም። ግማሾቹ ዞር አሉ፤ አንደኛው ደግሞ ራሱ ላይ ያለውን ፍራሽ ለቀቀና ዞር አለ። ሞተሯ ፍራሹ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። ቆመች።

ስደርስ አዴ ጫልቱ ወርደው፣ ሄልሜቱን አውልቀው፣ ሌላ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ አዲስ ፍራሽ ነው እኮ» አለ ባለ ፍራሹ።

«አዲስ መሆኑንማ አየሁት። ጥሩ ፍራሽ ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አልቆመም።»

ሶሬሳ ከሞተሯ ጎን ተንበርክኮ ነበር። ዲስኩን በጣቱ ነካ አደረገ፣ ጣቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ። ያን ሽታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነው። እናቱን አየ፤ አውራ ጣታቸው አሁንም ታብረቀርቃለች። እንደገባው አወቅሁ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ተነሳ።

«ልክ ነሽ አዮ» አለ። «አልቆመም። ሰኞ እሸጠዋለሁ።»

ሙስአብ በሩጫ እየደረሰ ነበር። «እንዴት አይቆምም? እኔ በእጄ ነው የሠራሁት፣ እንዴት ነው የማይቆመው?»

«አልቆመም አልኩህ፤ ዕቃው አይረባም» አለው ሶሬሳ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። የአራት ቀን ልፋቱን፣ የጓደኛውን ስም፣ ሞተሯን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጣለው፤ እናቱን፣ ምርቃትሽ ሊገድለን ነበር ላለማለት።

ሶሬሳን ከሱቄ መስኮት አሥራ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። እውነተኛ መልኩን ያየሁት ግን ያን ቀን ይመስለኛል። እንደዚያ የሚጮህ ሰው እንዲህ ዝም ማለት ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዝም ማለት የእኔ ሙያ ነበር፤ እሱ በአንድ ቀን በለጠኝ። አፈርኩ።

«አዴ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «ቅቤው ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ፍሬን ቅባት ከነካው አይዝም። ሙስአብ ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ሲቀቡት አይቻለሁ። ዕቃው ጥፋት የለበትም፤ ሶሬሳም ያውቃል፣ ለእርስዎ ብሎ ነው።»

አዴ ጫልቱ አውራ ጣታቸውን አዩ። ከዚያ ሙስአብን። ሙስአብ ዲስኩን አሸተተና ራሱን ያዘ። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። «ለጋ ነው ደግሞ።»

«አንተ አይተህ ነበር» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ከተናገርክ ይረክሳል ብለውኝ።»

«ልጄ ከሚሞት ምርቃቴ ይርከስ ነበር» አሉ።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ፍራሹ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፤ ጠብ የሚዳኙት እንዲህ ሆነው መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። ተሸካሚዎቹም ፍራሽ ማውረዱን ትተው ከበቡን።

«ፈረሱ አልበደለም» አሉ። «እግሩን ያሰርነው እኛ ነን። መጀመሪያ የበደልኩ እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን ዕቃ ሳልጠይቅ ቀብቻለሁ። ሁለተኛ አንተ» ወደ ሙስአብ፣ «የልጅሽ ሕይወት እዚህ ነው ስትለኝ፣ አትንኪው ማለትን አብረህ አልነገርከኝም።»

«ልክ ነዎት እማማ።»

«ስለዚህ ሳታጉረመርም ታጸዳዋለህ። ሦስተኛ አንተ» ወደ ሶሬሳ፣ «ለእኔ ብለህ ዋሸህ። የጓደኛህን ሥራ አረከስክ። አሁን እንደገና ትነዳለህ፤ ግን በአፍህ አታቁመው። አንዲት ቃል ካወጣህ ተሸንፈሃል።»

ሶሬሳ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

«አንተስ» አሉኝ በመጨረሻ። «ዝም ማለት የምትወድ ከሆነ ምልክት ሁን። ምልክት አይናገርም። ጃንጥላው ጋ መንገዱ መሃል ትቆማለህ።»

ከበው የነበሩት ሳቁ። እኔ ለመሳቅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሙስአብ ዲስኩን ሦስት ጊዜ በአልኮል አጠበ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ። ሸራውን ግን አውጥቶ ጣለው። አዴ ጫልቱ አንስተው፣ «በሙቅ ውሃና በአመድ ባሽልህስ?» አሉት።

«አይሆንም እማማ፤ ጠጥቶታል። ይኸኛው ቅቤ ለምዷል፣ ከእንግዲህ ሥራ አይወድም።» ሌላ ሸራ ፍለጋ ሄዶ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። አዲስ ሸራ እስኪላመድ በትንሽ በትንሹ መያዝ አለበት ብሎ ሶሬሳን ከላይኛው መንገድ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ሂድ ቁም፣ ሂድ ቁም አሰኘው።

አሥር ሰዓት ገደማ ቢጫው ጃንጥላ ጎን ቆምኩ። ካርድ ሻጯ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ፈንጠር ይበሉልኝ፤ ጃንጥላዬን እንዳይመታብኝ» አለችኝ። ፈንጠር አልኩላት።

ከላይ ቀይዋ ሞተር ብቅ አለች። ሶሬሳ ከፊት፣ ከትከሻው በላይ የእናቱ ሄልሜት። ዝም ብሎ መጣ። ሶሬሳን ያለ ድምፅ ሲመጣ አይቼ ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ። ከንፈሩን ነክሷል። ሰዎች ድምፁን ስላልሰሙ ዞር አላሉለትም፤ እያንዳንዱን በፍሬኑ እየጠበቀ፣ እየቆመ፣ እያሳለፈ ወረደ። ከዚያ መሃላችን ያለው መንገድ ባዶ ሆነና ሞተሯን ለቀቅ አደረጋት። መሸሽ አማረኝ። ግን ምልክት አይሸሽም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ የፊት ጎማዋ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ድምፁ የአዴ ጫልቱ ሄልሜት የሶሬሳን ሄልሜት ከኋላ ሲገጨው የወጣ ነበር።

«ይሄ ቆመ» አሉ ከውስጥ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ትንሽ አበዛው እንጂ» አሉ።

ሶሬሳ አሁንም አፉን እንደዘጋ ነው። ሙስአብ መጥቶ፣ «አሁን ተናገር፣ ተፈቅዶልሃል» አለው። እሱ ግን የሚናገረው አላገኘም፤ እጀታዋን እንደጨበጠ ይስቅ ነበር።

አዴ ጫልቱ ወርደው ያችን የኮባ ቅጠል እንደገና ከነጠላቸው ፈቱ። ሙስአብ ደንግጦ ከዲስኩ ፊት ቆመ።

«አትፍራ» አሉት። «ቅቤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። የደረቀን ነገር ያለሰልሳል። ብረቱ ይድረቅልኝ ካልክ የሚለሰልሰው ይሄ ነው።» የልጃቸውን ሄልሜት አነሱና የተረፈውን ቅቤ ሁሉ አናቱ ላይ ደፉበት። እየመረቁ አሹት። ግንባሩ ላይ ወረደ፣ ጆሮው ሥር ወረደ። የሠላሳ ዓመት ሰው፣ በመርካቶ መሃል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመላቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ያሾፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንዱም አላሾፈም።

ሰኞ ጠዋት ራሱ በሞተሯ ወደ አውቶቡስ ተራ ወሰዳቸው። ሲመለስ በሱቄ በኩል መጣ። ቅቤው ገና አልለቀቀውም፤ ከሄልሜቱ ሥር ወርዶ ቅንድቡን አርጥቦታል። በዚያው ሰዓት የቀድሞ ባልደረባው ጓንጉል ኩንታል ተጭኖ ከጎን መንገድ ብቅ አለ። «ዞር በሉ» አለ ጓንጉል፣ ሶሬሳም መልሶ እንደሚጮህበት እየጠበቀ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት፤ የጮኸው አሸንፎ ያልፋል።

ሶሬሳ በጣቱ የፍሬኗን እጀታ ጨመቀ። ሞተሯ ፀጥ ብላ ቆመች።

ጓንጉል አልፎት ከሄደ በኋላ፣ ጭነቱ ሥር እንዳጎነበሰ አንገቱን በጭንቅ ወደ ኋላ መለሰ።

«ሶሬሳ፣ ተበላሸብህ እንዴ?»

«አይ» አለው ሶሬሳ። «ቆሜልህ ነው።»